ዲጋ ላይ የቆረጠምኩት በረዶ

ሰሞኑን የነቀምቴ ፀሐይ ጨክናለች። ቡርቃ ጃቶ ካለችው ሱቄ ደጃፍ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በላስቲክ የረጋ በረዶ ገዝታ ቆማ ትቆረጥማለች። «አባባ፣ በሙቀት በረዶ ጥርስ ይጎዳል የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ። ሻጩ እኔ ነኝ፤ ለገበያዬ የሚበጀው መልስ ይታወቃል። ምላሴ ግን ሳላዘው ግራ መንጋጋዬ ላይ ወዳለው ክፍተት ሄደ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ፣ ጨርቅ ነጋዴ። ጫልቱን ለማግባት ሽማግሌ ብልክ አባቷ ኦቦ ገመቹ «የነጋዴ ምላስ ጣፋጭ ነው፤ መጀመሪያ ራሴ ልየው» ብለው ዲጋ ወዳለው ቤታቸው አስጠሩኝ። እሳቸው ካልወደዱኝ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ከመኪና ስወርድ ጉሮሮዬ አቧራ ብቻ ነበር። ፍሪጅ ካለው ቤት በረዶ ገዛሁና መምጠጥ ሲገባኝ ቆረጠምኩት። በዚህ አገር አንጮቴ የሚሉት ሥራ ሥር የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ይባላል፤ እሱን እየበላሁ በማደጌ ጥርሴ ዋስትና ያለው መስሎኝ ነበር። አፌ ውስጥ ቀጭ አለ። የተሰበረው በረዶው መሰለኝ።

ቤታቸው ስደርስ ጉንጬ እንደ ልብ ይመታል። ኦቦ ገመቹ ለማዕዱ ጸሎት ጀመሩ። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ጸለዩ፤ እኔ ቶሎ አሜን እንዲሉ ብቻ ጸለይኩ። ከዚያ እናቲቱ ቅቤ የጠጣ፣ እንፋሎቱ የሚወጣ አንጮቴ አቀረቡ።

«ኛዹ፣ ብላ እንጂ ልጄ።»

የአማት ምግብ አይመለስም። ጎረስኩ። ትኩሱ ስንጥቁን ሲያገኘው ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ማኘክም መዋጥም አቃተኝ።

ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ከሳህኑ አነሱ። «ምግባችን አልተስማማህም?»

ጓዳው በር ላይ የጫልቱ ቀሚስ ጫፍ ይታየኛል። ጨጓራዬን አሞኝ ነው፣ መንገዱ አድክሞኝ ነው፤ የሚያምሩ ውሸቶች ሞልተውኛል። ሕመሙ ግን የመምረጫ ጊዜ አልሰጠኝም።

«መንገድ ላይ በረዶ ቆርጥሜ ጥርሴ ተሰነጠቀ።»

«በረዶ? አማት ቤት እየመጣህ?»

«ሞቆኝ ነው፣ አባባ።»

 የጫልቱ ቀሚስ ከበሩ ጠፋ። ኦቦ ገመቹ ወደ ሚስታቸው ዞረው «ሊዋሸኝ የመጣ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ውሸት ይዞ ይመጣ ነበር» አሉ። «በይ፣ አቀዝቅዢለት።»

ሱቄ ደጃፍ ለቆመችው ተማሪ «ጉዳቱ ያለው መቆርጠሙ ላይ ነው፤ አፍሽ ውስጥ ይሟሟ። ትኩስ ነገርም ወዲያው አታስከትዪበት» አልኳት። የቀረውን ጉንጯ ውስጥ አኖረችና ሄደች።

ማታ ጫልቱ አንጮቴ አቀረበች። ያ ጥርስ ከተነቀለ ስንት ዘመኑ፤ እሷ ግን ዛሬም ቀዝቀዝ አድርጋ ነው የምታመጣልኝ። ትኩሱን እንደምወድ እስካሁን አልነገርኳትም።