በዋርካው አቀበት የምታለከልከው መኪና

ባለፈው ነሐሴ አንድ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጥግ ቆሜ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልኩ ሳለ፣ አንድ የደምበጫ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ማለክለክ ጀመረ። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። ሾፌሩ ወርዶ ከውጭ ነበር የቆመው፤ ነዳጅ መስጫውን የረገጠ ሰው የለም። በቆሎው ከእጄ ወደቀ። ዕድሜዬን ከመኪና ሥር ተኝቼ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

«አባባ፣ ሰይጣን ገብቶባታል መሰለኝ» አለኝ ልጁ ሾፌር። መካኒክ መሆኔን ሰው ነግሮት ኖሯል።

«ሰይጣን ናፍጣ አይጠጣም» አልኩት። «የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን ፈትተህ ከሥሩ አፍስሰው። ውሃ ነው።»

ትክክለኛውን ነገርኩት። ያኔም ትክክለኛውን ነበር ያገኘሁት፤ ጣጣው ይኼ ነው።

ጣሊያን አገሩን ይዞ በነበረበት ጊዜ ቡሬ ከነበረው ምሽግ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። የጠላት መኪና እጠግን ነበር፣ አልክድም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እናቴን የማበላው በዚያ ነው። በዚያ ላይ ሙያው ራሱ ልክፍት ሆኖብኝ ነበር፤ አንድ ሞተር ለምን እንደሚታመም እስካውቅ ድረስ እህል አይወርድልኝም። አለኸኝ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ ሾፌር ነው፣ ለእናቱ አንድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዱቄት ጭኖ ከቡሬ ደምበጫ ይሄዳል። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላትን ከተማ ያኔ ወጀት ነበር የምንላት፤ እዚያ ሲደርስ ጠላ ሳይቀምስ አያልፍም።

የሚነዳት መኪና ታሪክ ነበራት። ከቡሬ ወጣ እንዳላችሁ አንድ ረዥም አቀበት አለ፤ በቀኙ ዋርካ፣ በግራው የቤተ ክርስቲያን ደን። የመጀመሪያ ሾፌሯ፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ የጣሊያን ልጅ፣ እዚያ ተገልብጣበት ሞተ። ጓዶቹ ከዋርካው ሥር ድንጋይ ከምረውበት ሄዱ። ያለ ፍትሐት የተቀበረ ነፍስ ከመንገድ አይርቅም ይል ነበር የአገሩ ሰው። መኪናዋን አቃንተን ጠገንናትና ለአለኸኝ ተሰጠች።

ክረምቱ እንደገባ ማለክለክ አመጣች። ሜዳውን ደህና ትሄድና አቀበቱን ስታጋምስ፣ ልክ ከዋርካው ትይዩ፣ ድምፅዋ ይዋዥቅ ጀመር። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። ጭጋጉ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ ምንም አይታይም። አለኸኝ የእጅ ፍሬኑን ስቦ አቆማትና ሁለቱን እግሮቹን ወንበሩ ላይ አወጣቸው።

«ተመልከት» አለኝ። «እግሬ ያውና። ማነው የሚረግጣት?»

ሞተሩ ይጮሃል፣ ይሞታል፣ ደግሞ ይጮሃል። አንድ ሰው ቸኩሎ ረግጦ፣ ፈርቶ የሚለቅ ነበር የሚመስለው። እኔ በቁልፍና በካቻቢቴ እንጅ በመንፈስ አላምንም እያልኩ የምፎክር ሰው፣ መርገጫውን ዝቅ ብዬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። ጸጥታው ከጩኸቱ ይብስ ነበር። ከደኑ ውስጥ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማን፤ አለኸኝ «ጦጣ ነው» አለ፣ እኔም «አዎ፣ ጦጣ ነው» አልኩ፤ ሁለታችንም አላመንነውም።

እንዲህ ሆና ስትቆም ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር። የምሽጉ አዛዥ አለኸኝን አስጠራው። ደኑ ውስጥ አርበኞች እንዳሉ ያውቃል፤ መኪናዋ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ የቆመችው ለነሱ ምልክት ለመስጠት ነው ብሎ ቆርጧል። በአስተርጓሚ አፍ የተናገረው አጭር ነበር፤ የፊታችን ቅዳሜ እዚያ አቀበት ላይ ከቆመች ሾፌሩ ገበያው መካከል ይሰቀላል። ወደ እኔም ዞሮ «አንተ ሦስት ቀን አለህ» አስባለኝ።

መጀመሪያ አየር ነው ብዬ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ፖምፓ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን አላልቼ አረፋ እስኪያልቅ አፈሰስኩ። ቧንቧዎቹን በሳሙና ቀባሁ፤ የሚተነፍስ ቦታ የለም። የመርገጫውን ሞላ ለወጥኩ። ግቢው ውስጥ ስትቆም ጤነኛ ናት፤ እንደ ሰዓት ነው የምትመታው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከፊቷ ተቀምጬ በሶ እየበጠበጥኩ ነበር። ጽዋዬን ዘንበል ሳደርገው በሶው ሥር ተኝቶ የነበረው ደለል ወደ አፌ ሄደ። ያኔ ገባኝ። የናፍጣው ጋን ሜዳ ላይና አቀበት ላይ አንድ አይደለም። ከሥር የተኛ ነገር ካለ አቀበት ሲወጣ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መምጠጫው ቧንቧ ያለው ደግሞ ከኋላ ነው።

የጋኑን የሥር መክፈቻ ፈትቼ በብርሌ ቀዳሁ። ናፍጣው ከላይ፣ ውሃው ከሥር ተለያይተው ቆሙ። ደስ አለኝ፣ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ብርሌውን ወደ ብርሃን አነሳሁት። ከውሃው በታች ደግሞ ግራጫ ዱቄት ተኝቷል። በጣቴ ነካሁት። እምነት ነው፤ ከጠበል ጋር የሚበጠበጠው የቤተ ክርስቲያን አመድ። ዝናብ እምነት ይዞ አይዘንብም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከመንገድ በፊት አለኸኝ እናቱ ደጅ እያቆመ የዳጉሳ ቂጣ በኑግ ይበላ ነበር። ያንኑ ሐሙስ በቀጥታ ወደ እናቱ ሄድኩ። እማማ የኔዓለም ገብስ እያሹ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ መኪናዋ ውስጥ ጠበል ጨምረዋል?»

አልደበቁኝም። «እሱ ሲበላ እኔ እወጣለሁ። ከግሽ ዓባይ በእግሬ ያመጣሁት ነው። የሞተው ልጅ ልጄን እንዳይወስድብኝ አንድ ጣሳ አጠጣታለሁ። ባለከለከች ቁጥር እጨምርላታለሁ።»

«እማማ፣ የምታለከልከው በእሱ ነው። ጠበልዎ ልጅዎን ሊያሰቅለው ነው።»

 ጠበሉ ያለበትን ቅል ከምሰሶው አውርደው የቀረውን አጥሩ ሥር አፈሰሱት። ሲያፈሱ አማተቡ። ተመልሰው ጉልበቴን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ያዝኳቸው። «እንዲያው እግዜር ይስጥህ፣ ልጄን አተረፍህልኝ» አሉኝ።

ለአዛዡ እውነቱን ብናገር ገመዱ ወደ እሳቸው ይዞራል። የናፍጣ በርሜሎቹን ክዳን ሳልከድን ዝናብ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ አልኩ። ገረፉኝ። ጀርባዬ ቢቃጠልም ኩራት ነበረኝ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ጋኑን አጥቤ፣ ፊልትሮውን ለውጬ፣ ወዳጄን ከገመድ ያወጣሁ ጀግና ነበርኩ በራሴ ዓይን።

ቅዳሜ አብሬው ወጣሁ። አዛዡ የላከብን የአጃቢዎች መኪና ራቅ ብሎ ከኋላ ይመጣል። ጭጋጉ ያው ጭጋግ ነው። አቀበቱን ጀመርን፣ አጋመስን፣ ዋርካው ጥቁር ሆኖ መጣ። መኪናዋ ዝንፍ አላለችም። ድምፅዋ ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ ነበር፤ አንድም የሚረግጥ፣ አንድም የሚለቅ አልነበረም። አለኸኝ ወደ ድንጋዩ ክምር ዞሮ «በል ወንድሜ፣ አንተም ዕረፍ» አለና ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ መስታወቱ ተሰነጠቀ። አንዲት ጥይት ናት። መሪው ላይ ተደፋ፣ መኪናዋ ከዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ወጥታ ቆመች። ሞተሩ አልጠፋም፤ ያለ ምንም መዋዠቅ እንደ ጤነኛ ይመታል።

ከጭጋጉ ውስጥ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ወጣ። በሩን ከፍቶ የአለኸኝን ፊት ቀና አደረገው። ከዚያ ጭቃው ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አወቅሁት፤ ከዓመት በፊት አርበኛ ሆኖ ጫካ የገባው የአለኸኝ የአክስት ልጅ ነበር።

«ድምፅዋ» አለኝ። «ምነው፣ ድምፅዋስ? የምታለከልከዋን አትንኩ ብዬ ለሰዎቹ ሁሉ ነግሬ ነበር። በጭጋግ በድምፅ ነበር የማውቀው። ይቺ ሌላ መሰለችኝ እኮ።»

የአጃቢዎቹ መኪና ከታች ሲሰማ ወደ ጭጋጉ ተመለሰ። ለካ መኪናዋ እዚያ ስትቆም ከደኑ ውስጥ እያየ ይተዋት ኖሯል፤ አለኸኝ ይህን ሳያውቅ ሞተ፣ የምናገረው እኔ ብቻ ቀረሁ።

መርዶውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ለእማማ የኔዓለም ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደብቀው የሚል ነገር በልቤ ነበር፣ አፌ ግን አልታዘዘም። ባዶው ቅል ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እሱን ሲያዩ ቆዩና «አንተ ሙያህን ነው የሠራኸው፣ ልጄ» አሉኝ። «ለእኔም ማፍሰሱን ያዘዘኝ የለም፤ በእጄ ነው ያፈሰስኩት።» ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ በየፋሲካው ሄጄ እጠይቃቸው ነበር፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሱብኝም።

ወጣቱ ሾፌር ፊልትሮውን ፈትቶ ከሥሩ አፈሰሰ። ውሃ ነበር። ጣቴን ነክሬ አየሁት፤ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም። ገጥሞ ሲያስነሳት ሞተሩ ተስተካከለ፣ ተሳፋሪው አጨበጨበ፣ ልጁም «አባባ፣ እጅዎ ይባረክ» አለኝ። አሜን ማለት አቃተኝ።

ሰዎች የሚፈሩት ማለክለኩን ነው። እኔ የምፈራው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደህና ድምፅ ነው። አውቶቡሱ ወደ ጅጋ መንገድ ሲወጣ በዝናቡ ውስጥ ቆሜ አዳመጥኩት፤ ድምፁ እስኪርቅ፣ ጭራሹኑ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያም በኋላ ትንሽ ቆየሁ፣ ምናልባት የጥይት ድምፅ ይከተል እንደሆነ ብዬ።