የሁለት ሰዓት መንገድ

ያርጋል የደባርቅ ሾፌር ነው፤ ሥራው አውሮፕላን ያወረደውን ሰው ከጎንደር እያነሳ አገሩ ማድረስ ነው። መሪ ላይ ማንንም አይፈራም። ክፉ ወሬ ግን ካፉ አይወጣለትም፤ የአቶ ዋሴ ዘመዶችም የመረጡት ለዚሁ ነው።

አቶ ዋሴ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጃቸው ዝናሽ ከጅግጅጋ የምትመጣው «ታመዋል» ተብላ ነው። ሽማግሌዎቹ «መርዶውን እኛው ደጃፋቸው ላይ፣ ደግፈን ይዘን እንነግራታለን፤ አንተ ጭጭ በል» ብለው አስማሉት። ማለ።

ዝናሽ ቢጫ ሹራብ ለብሳ ጋቢና ገባች። ከተማውን ሳይወጡ ሳቋ መጣ።

«አያ ያርጋል፣ አባባ በቀደም በስልክ ምን አሉኝ መሰለህ? በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው ሲሉኝ ሁለት ሰዓት ከምናምን አልኳቸው። ‹ይቺማ ገበያ ደርሶ መመለሻ አይደለችም ወይ! ምነው ታዲያ በየቅዳሜው የማትመጪ?› ብለው ተቆጡኝ እኮ!»

አቶ ዋሴ ርቀትን የሚያውቁት በእግራቸው ነበር። ያርጋል መሪውን አንቆ ጥርሱን ብቻ አሳያት። ሰማዩንስ ማን ይዘጋዋል? አገር ለአገር በሁለት ሰዓት ይሻገሩታል። ይቺ ከጎንደር ደባርቅ የምታደርስ አንዲት አስፋልት ግን ስንት ሰዓት እንደምትፈጅ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው!

አምባ ጊዮርጊስን አልፈው ዳባት ሳይገቡ ከመታጠፊያው ጥይት መጣ። የፊት መስታወቱ ጭናቸው ላይ ረገፈ። ሦስት ታጣቂዎች ያርጋልን አንገቱን ይዘው አወረዱትና በሰደፍ አፉን መቱት፤ ሁለት ጥርሶቹ ከደም ጋር ወጡ። ዝናሽን በፀጉሯ ጎተቷት።

«ከአውሮፕላን የወረደች ናት፤ ዘመዶቿ ይከፍላሉ» አለ አለቃቸው። አፈሙዙን ማጅራቷ ላይ ደግኖ ወደ ገደሉ ይነዳት ጀመር።

በዚያ ቁልቁል ተነድቶ የተመለሰ ሰው ያርጋል አላየም። ሽፍታም ቢሆን ለቀስተኛ እንደሚፈራ ግን ያውቃል።

«ለቀብር ነው የምትሄደው! አስከሬን ሳይቀበር እየጠበቃት ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ውሸታም! ለቀብር የሚሄድ ቢጫ ይለብሳል?» አንደኛው ጎኑን ረገጠው፤ የጎድን አጥንቱ ቀጭ ሲል ተሰማው።

ዝናሽ ዞረች። «የማን ቀብር?»

መሐላውን አሰበ። አፈሙዙን አየ። «አባትሽ አረፉ፣ እህቴ። ሌሊት ነው።»

ዝናሽ ፊቷን በሁለት እጇ ነጨችው፤ ደሙ በሹራቧ ላይ ወረደ፤ ግንባሯን ከአስፋልቱ ታጋጭ ጀመር። «የሁለት ሰዓት መንገድ እኮ ነበር፣ አባባ! ገበያ ደርሶ መመለሻ!»

አለቃው አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። እንዲህ ያለውን ጩኸት ማንም አስመስሎ አይጮኸውም። ጓደኛው «ምን አገባን፣ እንውሰዳት» ሲል በጥፊ አጮለው። «ሂዱ፣ ቅበሩ» አለ። ሲሄዱ ደግሞ የኋላ መስታወቱን በጥይት አረገፈው፤ የእሱ «እግዜር ያጽናሽ» ይኸው ነበር።

ደጃፉ ላይ ሽማግሌዎቹ ለመርዶው ተሰብስበው ቆመዋል። የተቦጨቀ ፊቷን ሲያዩ መርዶውን እንደሰማች ገባቸው። ዝናሽ ወደ አስከሬኑ ከመሮጧ በፊት ወደ ያርጋል ዞረች፤ የተሰበረ አፉንም በቡጢ መታችው።

«መንገዱን ሙሉ ስስቅ፣ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር!»

ያርጋል እጁን አላነሳም። ሰደፉ ይህን ያህል አላመመውም ነበር።