የየሺን እጅ ይዤ ወደ ሮብ ገበያ

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ እንደወጣች ነው። የሰባት ዓመት ልጄን የሺን በጎረቤት አህያ ላይ አስቀምጬ፣ ቆሎና አንድ ቅል ቅቤ ይዤ፣ ሮብ ገበያ አጠገብ ወደሚኖሩ ወጌሻ መሄዴ ነበር። የሺ እሑድ ከቆጥ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ያሰርኩት እኔ ነኝ። አጥንቱ እንዳይነቃነቅ ብዬ በሸምበቆ ደግፌ፣ ለአልጋ ውኃ ውስጥ በነከርነው የቆዳ ጠፍር ሦስት ቦታ ጠፈርኩት። ሰኞ ጣቶቿ አበጡ። ማክሰኞ ጠቁረው፣ ቀዝቅዘው አገኘኋቸው። ከተማው ውስጥ የጣሊያን ሐኪም አለ፤ እጅ ይቆርጣል ሲባል ስለሰማሁ ግን በደጁ ማለፍ እንኳን ፈራሁ።

ኬላው

ከከተማው መውጫ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል። ጣሊያኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያጨሳል፤ የአገራችን ሰው የሆነው ባንዳ መንገደኛ ይፈትሻል። እኔን ያስፈራኝ የኛው ሰው ነው፤ ባሌ ከአርበኞች ጋር ጫካ ከገባ ዓመት አልፎታል፣ ይህን ሊያውቅብኝ የሚችለው እሱ ነው።

«ባልሽ የት ነው?»

«ሞቷል ጌታዬ።»

የሺ ዞር ብላ አየችኝ። አፏን እንዳትከፍት ጉልበቷን ጨበጥኩት።

«ይሄስ ምንድን ነው፣ እንደ ቀንበር የጠፈርሽው?»

«ስብራት ነው።»

«ስብራት! ባለፈውም አንዱ ስብራት ነው ብሎ ደብዳቤ ጠቅልሎ አልፏል። ፍቺው!»

«አጥንቷ ይዛነፋል፣ በማርያም!»

«ማርያምን ተያት።»

ሳንጃውን መዞ ጠፍሩን ሦስቱንም ቦታ ቆረጠው። የሺ ጮኸች። ሸምበቆውን አንስቶ በቀዳዳው አጮለቀ፤ ምንም የለም። «ሂጂ» አለኝ።

ከኬላው ስንርቅ ሸምበቆውን መልሼ ደገፍኩና ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ አሰርኩት። ነጠላው ስስ ስለሆነ እንዳይቀደድ ፈርቼ አላጠበቅኩትም።

«እማ፣ አባባ ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። ዝም በይ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ?»

ዳገቱ

የጣሊያን ካሚዮን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አህያዋን ወደ ገብሱ ማሳ እየነዳሁ እደበቃለሁ። ወደ ላይ በወጣን መጠን ጉሙ ወፈረ፤ አሥር እርምጃ ፊት ለፊት አይታይም። እኩለ ቀን ላይ የሺ ማልቀስ ጀመረች።

«ጣቶቼን ጉንዳን ወረረኝ! ያቃጥለኛል!»

እጇ እየሞተ መሰለኝ። ጣቶቿን ደግሜ ለማየት አልደፈርኩም፤ አህያዋን ብቻ መታሁ።

ወጌሻው

አያ ተገኘ ሽማግሌ ናቸው። እስሩን ፈቱ፣ ባመጣሁት ቅቤ ከብብቷ እስከ ጣቷ አሹ፣ ጥፍሯን ጫን አድርገው ለቀቁ። ነጭ የሆነው ቀስ ብሎ ቀላ።

«ማን ነው ያላላው?» አሉኝ።

የኬላውንም፣ የሺ ጉንዳን ወረረኝ ማለቷንም ነገርኳቸው።

«እርጥብ ጠፍር? አልጋ ነው የሠራሽው፣ አንቺ ልጅ? ሲደርቅ እንደሚያንቅ ጠፋሽ?»

ጣቴን ወስደው በየሺ የእጅ አንጓ ላይ አሳረፉት። ከሥሩ የሆነ ነገር ይመታል።

«ነፍስ አንድ ቦታ አትቀመጥም፤ ትዞራለች። ከደረት ትነሳለች፣ በብብት ታልፋለች፣ በክርን ወርዳ የጣት ጫፍ ትደርሳለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። መንገዷን ስትዘጊባት ሥጋው ይበርዳል። ጉንዳን ወረረኝ ያለችው ነፍስ ስትመለስ ነው። እስከ ማታ ታስሮ ቢቆይ ኖሮ እኔው እቆርጠው ነበር።»

«ታዲያ ባንዳውን ላመስግን?»

«እኔ የማውቀው ስለ እጁ ነው» አሉና ሸምበቆውን በጨርቅ ማሰር ጀመሩ።

መመለሻ

ዓርብ ተመለስን። ኬላው ላይ ያው ሰው ነበር። እንደ በፊቱ አልፈተሸንም።

«እጇስ?» አለ።

አህያዋን ወደፊት ገፋሁ። የሺ ግን ከእስሩ የወጡትን ጣቶቿን አንድ በአንድ አንቀሳቀሰችለት። ወደ ጣሊያኑ ሰረቅ አድርጎ አየና «እለፉ» አለን። እስክንርቅ ዞሬ አላየሁም።

ቤት ስገባ የተረፈው ጠፍር ግድግዳው ላይ ደርቆ ጠበቀኝ። በሁለት እጄ ልለጥጠው ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት የተሰበረ ልጅ አምጥቶልኝ ሳስር ከእስሩ ሥር ጣቴን አስገባለሁ። ካልገባልኝ፣ ልጁ ቢያለቅስም፣ እፈታዋለሁ።