አስር ሰዓት ከሃያ

ወንድሜ ከመርከብ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ሄርማታ ገበያ ውስጥ የእናቴን ሰላምታ የሚመልስ ጠፋ። አንድ ቀን ሚዛን ላይ የነበረውን ሽንኩርቷን ባለሱቁ መልሶ ወደ ክምሩ ገለበጠው። «ላንቺ የለኝም፤ ሌላ ጋ ሞክሪ» አላት።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። ወንድሜና የጎረቤታችን የሐጂ ልጅ አብረው ሠልጥነው አንድ የጭነት መርከብ ላይ ተቀጠሩ። መርከባቸው ባሕር ላይ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጨ። የሐጂ ልጅ ሞተ፤ ወንድሜ ተረፈ።

ከቀጣሪው የመጣውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አንድ አስተማሪ ለሐጂ ተረጎመላቸው። ግጭቱ የደረሰው አስር ሰዓት ከሃያ ላይ ነው ይላል። ወንድሜ ደግሞ ከአደጋው ወራት በፊት ለእናቴ በላከላት የድምፅ መልእክት «ከአስር እስከ ሁለት ባሕሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ» ብሎ ነበር። እናቴ በኩራት ለሰፈሩ አሰምታዋለች፤ አሁን ያ ድምፅ በየሰው ስልክ ውስጥ አለ። ሐጂ ለቅሶው ላይ ሲጠይቁት ወንድሜ «ስንጋጭ ተኝቼ ነበር» አላቸው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ለሰፈሩ ይህ በቂ ነበር፦ ተራው ላይ ተኝቶ ጓደኛውን ገደለ።

እኔ ሰቃ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ እርጥበት እለካለሁ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የለም፤ ከመለኪያው ማብራሪያና ከስልኬ መዝገበ ቃላት ነው የለቀምኩት። የአደጋው ምርመራ ሪፖርት ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ በምሳ ሰዓቴ እያንዳንዷን ቃል እየፈታሁ ለሳምንታት አነበብኩት። ስሕተቱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነበር። ወንድሜ ለእናቴ የነገራት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ አስተማሪው ግን የመርከቡን ሰዓት እንዳለ ገልብጦታል። የመርከቡ አስር ሰዓት ከሃያ በእኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ነው። በዚያን ሰዓት ወንድሜ ተራውን ጨርሶ፣ ቁርሱን በልቶ መተኛቱ ተጽፏል።

ለወንድሜ ሳሳየው ስልኩን ሳያይ መለሰልኝ።

«ለማንም እንዳታነበው።»

«ለምን?»

«ተወው አልኩህ።»

ፈሪ መስሎኝ ናቅሁት። ከእሱ በኋላ ተረኛው ማን እንደነበረ አልጠየቅሁትም። ሪፖርቱ ሰው በስም አይጠራም።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ቤታችን መጡ። የቀረበላቸውን ውኃ አልነኩም።

«ልጅሽ ከዚህ ሰፈር ይውጣ» አሏት እናቴን። «ወላሂ፣ በሄደ በመጣ ቁጥር ፊቱን ማየት አልችልም።»

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ላንብብልዎ» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የባሕር ዳኛ የሆንከው? ሂድ ቡናህን ለካ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሳቃቸው አናደደኝ። የሁለቱን ሰዓቶች ልዩነት ነገርኳቸው፤ ወንድሜ በእኛ ሁለት ሰዓት ላይ ተራውን አስረክቦ ነበር አልኩ።

«ሜ፣ እስቲ ድገመው» አሉ ሐጂ። ደገምኩት።

«ከሱ የተረከበውስ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«በእኛ ከሁለት እስከ ስድስት ተረኛ የነበረው ጠባቂ ሲጋጩ ቦታው ላይ አልነበረም ይላል።» ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ሐጂ በጣታቸው መቁጠር ጀምረው አቆሙ። «ከሁለት እስከ ስድስት» አሉ። «ልጄ ተራዬ ነው ብሎ የነገረኝ ይሄንኑ ነው።»

ሐጂ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ፤ ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው።

ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ጣቴ ሥር ነበር። ጠባቂውን ከቦታው ያነሣው በዚያ ሰዓት መርከቡን የሚመራው መኮንን ነው፤ ቀኑ ብሩህ ነው፣ እኔ ብቻዬን አያለሁ ብሎ የመርከቡን ፊት ቀለም እንዲቀባ ላከው። ሌላው መርከብ የመታው እዚያው ላይ ነው። ከበራችን እስከ አጥሩ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አልጠራኋቸውም። የእናቴን ሽንኩርት እያሰብኩ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ወንድሜ ከጓዳ ወጣ።

«እኔ በሕይወት አለሁ፤ ስድቡን እችለው ነበር» አለኝ። «እሱ ሞቷል፤ ምን ብሎ ይመልስ? ለመሆኑ የታዘዘ መሆኑን አንብበህላቸዋል?»

«ወጡ እኮ።»

«ነገ ሄደህ ታነባለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጽፌ፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አድርጌ ሄርማታ ሱቃቸው ሄድኩ። ሐጂ ጨርቅ እየለኩ ነበር። ቆሜ አነበብኩላቸው። ሜትራቸውን አስቀምጠው ወረቀቱን ተቀበሉኝና ራሳቸው ደግመው አነበቡት።

«ይሄ ትናንት እጅህ ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ተነሥተው ወጡ፣ ሐጂ።»

«ሽማግሌ ነኝ። እንዴት ብሮጥ ነው ያልደረስክብኝ?»

ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ወንድምህ እሰፈሩ ይቀመጥ፤ በደለኛ እኔ ነኝ፣ መጥቼ እነግረዋለሁ። አንተ ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ዛሬ ባለሱቁ ለእናቴ ሽንኩርት እየመረጠ ይመዝንላታል። ሐጂና ወንድሜ ከመስጊድ ሲመለሱ አብረው ያዘግማሉ። እኔ ወደ ሰቃ የሚሄደውን መኪና የምይዘው በላይኛው መንገድ ዞሬ ነው።