ሰሚራ የቆጠረችው ትርታ

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። በሰሚራ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ያደረግሁ ዕለት፣ መታመሜን አላውቅም ነበር ወይስ እያወቅሁ ነው?

የመጀመሪያው ምልክት የጣቴ መንቀጥቀጥ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዐሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የልብን አራት ክፍሎች ሰሌዳ ላይ ስስል፣ ሳላነሣ የምጨርሰው መስመር ተጥመለመለብኝ። ጠመኔው ነው አልሁ። ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። የባሕር ዳር ሙቀት ነው አልሁ። ቀጥሎ ቀሚሴ ሰፋኝ። ዐቢይ ጾም ነበርና ለዚህኛው ሰበብ መፈለግ እንኳ አላስፈለገኝም። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ፣ እታለም የምላት፣ ጠዋት ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ስወጣ ከላይ እስከ ታች ታየኝና፣

"አንቺ፣ እኛ የጾምነውን ጾም ነው የምትጾሚው? ልትመነኩሺ ከሆነ ንገሪኝና ቀሚሶችሽን ልውረስ!" ትለኝ ነበር።

እስቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኝ ነበር።

በጾሙ መካከል የደም ዝውውር ትምህርት ላይ ደረስን። ስለ ሰው አካል ሳስተምር መጽሐፉን ከማስገለጤ በፊት ገላቸውን ማስዳሰስ ልማዴ ነው። ጎድናቸውን ይቆጥራሉ፤ ጉሮሯቸውን ይዘው ምራቃቸውን ይውጣሉ። ለትርታ ደግሞ ሁለት ጣት አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በኩል ማሳረፍ ነው። በአውራ ጣት አይቆጠርም፤ የራሱ ትርታ ያሳስታል። ሠላሳ ሰከንድ ተቆጥሮ በሁለት ይባዛል። ያን ቀን ከየቡድኑ አንድ አንድ ልጅ ጠርቼ የራሴን እጅ አስቆጠርሁ። አራቱ 72፣ 74፣ 76፣ 72 ብለው ጻፉ። ሰሚራ ብቻ 124 አለች።

ሰሚራ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ሱቅ ውስጥ ክንድ እየለካች ያደገች፣ ቁጥር የማይስታት።

"አንዱን ምት ሁለት አድርገሽ ቆጥረሽዋል" አልኋት።

"ኧረ ቲቸር፣ ሦስት ጊዜ ነው የቆጠርሁ።"

"ሦስት ጊዜም ይሳሳታሉ።"

ከኋላ አንዱ "የፋሲካ ዶሮ ይዛ ነው የቆጠረች!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዝም አላሰኘኋቸውም። 124 ላይ ኤክስ አደረግሁበት። እሷም ከሥሩ 76 ብላ ጻፈች። ራይት አደረግሁላት።

አራቱ ልጆች ቁጥራቸውን ከመጽሐፉ ምሳሌ ጠጋ አድርገው እንደጻፉት ያኔም ሳይገባኝ አልቀረም። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር በአንድ ወንበር። ሲሳቅብኝ ኖሬ ነው ፊደል የለየሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት መሳሳት ራቁት መቆም ይመስለኛል። ይህን የማውቅ ሰው በሌላ ልጅ አሳቅሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ጾም ተፈታ። በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምምና እታለም ትሠራለች፣ እኔ እበላለሁ። ቤት ውስጥ እንደ እኔ የሚበላ የለም። ቀሚሴ ግን መስፋቱን አልተወም።

ሰበቤ አለቀ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በጣና ዳር ስሄድ ደከመኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሁለት ጣቴን አንጓዬ ላይ አሳረፍሁ። ሰዓቴን እያየሁ ሠላሳ ሰከንድ ቆጠርሁ። ስድሳ አራት። ደገምሁት። ስድሳ ሦስት። በሁለት ማባዛት አላስፈለገኝም። ሦስተኛ ጊዜ አልቆጠርሁም፤ ሰሚራ ቆጥራዋለች።

ሰኞ ሆስፒታል ሄድሁ። ለእታለም ስብሰባ አለብኝ አልኋት። አንድ ወጣት ሐኪም ከኋላዬ ቆሞ ውኃ እያስዋጠ አንገቴን ዳሰሰ። በተዘረጋው እጄ ላይ ወረቀት አኖረ። ወረቀቱ ተርገፈገፈ። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ተነሣሁ፤ ደም ሰጠሁ። የደሙ ውጤት ሲደርስ አስጠራኝ።

"ሃይፐርታይሮይዲዝም ነው። የታይሮይድ ዕጢዎ ሆርሞን ከልክ በላይ እያመነጨ ነው። ልብዎ ተኝተው እንኳ ይሮጣል። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጾሙ መግቢያ። ጾሙ መስሎኝ።"

"ጾም እጅ አያንቀጠቅጥም፣ እኅቴ። ሥራዎ ምንድን ነው?"

ነገርሁት። የዕጢዎችን ምዕራፍ በየዓመቱ አስተምራለሁ። አልሳቀብኝም። "ቢቆዩ ኖሮ ልብዎ ሊጎዳ ይችል ነበር። ይድናል" አለ።

ይድናል።

መድኃኒቶቹ የልብን ሩጫ የሚያበርደው ፕሮፕራኖሎልና ሆርሞኑን የሚቀንሰው ፕሮፒልታዮዩራሲል ነበሩ፤ ከመጻሕፍቴ ጀርባ እየደበቅሁ በሰዓታቸው ዋጥኋቸው። መጀመሪያ የልቤ ሩጫ በረደ፣ ከዚያ ላቡ ቀረ፣ ክረምቱ ሲቃረብም ቀሚሴ ወገቤን መያዝ ጀመረ፤ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ኩላሊት ስስል መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይጥመለመል ሄዶልኝ፣ ልጆቹ እስኪገረሙ ድረስ ፊቴን ሳላዞር ቆሜ ቀረሁ።

እንደ እኔ ለታመማችሁ የምለው ጥቂት ነው። ወቅቱን አትውቀሱ። ሲሻላችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ፕሮፒልታዮዩራሲል እየወሰዳችሁ ጉሮሮ ቢያማችሁና ብታተኩሱ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትደሩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ መድኃኒቱ አንዳንዴ ነጭ የደም ሕዋስ ይቀንሳልና ደማችሁ ይታይ። ሐኪሜን፣ ነርሶቹን፣ ሳታውቅ ያስታመመችኝን እታለምን አመሰግናለሁ። የአንዲት ሰው ግን ከምስጋና ሌላ ዕዳ ነበረብኝ።

ከዓመቱ መጨረሻ ፈተና በፊት፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሰሚራን ከነደብተሯ ቤተ ሙከራ ጠራኋት።

"ታምሜ ነበር" አልኋት። ይህን ቃል ከሆስፒታል ውጭ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። "መቶ ሃያ አራቱ ልክ ነበር።"

ገጹን ገልጣ ብዙ አየችው።

"ታዲያ ቲቸር፣ ሰባ ስድስቱን ለምን ራይት አደረጉልኝ?"

"እኔም አላውቅም" አልኋት። ከዚያም "ነገ ለክፍሉ በሙሉ እናገራለሁ" አልሁ።

"ያ ባለ ዶሮው እንዳይቀር ብቻ!"

ሁለታችንም ሳቅን። እስክሪብቶዬን አውጥቼ 76ቱን ሰረዝሁ፤ ከ124 አጠገብ ራይት አደረግሁ። እሷ ግን ደብተሩን ትታ፣ ሳታስፈቅደኝ እጄን ሳበችና ሁለት ጣቷን አሳረፈች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ሠላሳ ዘጠኝ። ሰባ ስምንት ነው፣ ቲቸር።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ይቆዩኝማ" አለችና እንደገና ጀመረች። ሦስት ጊዜ ቆጠረች። እጄን ዘርግቼ ጠበቅኋት።