ውሃ የጠፋባቸው ሳምንታት

አስመረት ጉርድ ሾላ በሚገኝ አንድ የኩላሊት ሕክምና ማዕከል ነርስ ናት። ሆዳቸው ላይ በተተከለ ቱቦ እቤታቸው እጥበት የሚያደርጉ ሕሙማንን እየዞረች ትጎበኛለች። ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት አቶ በዳሳ አንዱ ነበሩ። የእጥበቱን ፈሳሽ በቀን አራት ጊዜ የሚቀይሩላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ስመኝ ነበሩ።

ሚያዝያ ላይ የአቶ በዳሳ ሆድ አመረቀዘ። በአሥራ አንደኛው ቀን አረፉ። አስመረት ቅጹ ላይ የኢንፌክሽኑን መንስኤ «የእጅ ንጽሕና ጉድለት» ብላ ስትሞላ ወይዘሮ ስመኝ አጠገቧ ቆመው የምትጽፈውን ያነቡ ነበር።

መስከረም ላይ የማዕከሉ የስታትስቲክስ ባለሙያ ተስፉ የሁለት ዓመቱን መዝገብ መርምሮ ጠራት። አርባ ስድስት ሕሙማን፣ ሠላሳ አንድ ኢንፌክሽን።

«ዕድሜውንም፣ ስኳሩንም፣ ትምህርቱንም አስገብቼ አየሁት» አላት። «ሥልጠናው ላይ የምንሰጠውን የእጅ አስተጣጠብ ፈተና ያለፉትም የወደቁትም እኩል ነው የታመሙት። የቧንቧ ውሃ ከሦስት ቀን በላይ በጠፋበት ሳምንት ግን አደጋው ሦስት እጥፍ ይሆናል።»

«አቶ በዳሳስ?»

«ሰባት ቀን ጠፍቶባቸው ነበር። አንቺው ነሽ የመዘገብሽው፤ ቅጹ ጀርባ ላይ።»

በገዛ እጇ ጽፋው ልብ አላለችውም።

በማግስቱ አራተኛ ፎቅ ወጣች። እንደቆመች ሁሉንም ተናገረች።

ወይዘሮ ስመኝ እስከ መጨረሻው ሰሟት። «እና እኔ አይደለሁም የገደልኩት?»

«ቁጥሩ ስለ አንድ ሰው እርግጡን አይናገርም፣ ወይዘሮ ስመኝ። እኔ ግን ያለ ማስረጃ ነው የጻፍኩብዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

«በጄሪካን የቀረችዋን ውሃ እኮ አልጠጣኋትም፤ ለእጄ ነበር የማስቀምጣት» አሉ። «ልጆቼ ምንም አላሉኝም። ምሳ ሳቀርብላቸው ግን እጄን እጄን ያያሉ።»

አስመረት አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ቀረበች።

«ሂጂ ልጄ። ዛሬ ፊትሽን ማየት አልችልም።»

ተስፉ ማዕከሉ ለሕሙማኑ የታሸገ ውሃ እንዲያድል ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ እስካሁን መልስ አልመጣም። በጥቅምት ሁለት ሰዎች ታመሙ። አንዷ ከዚያው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። አስመረት ልትጠይቃት ሄዳ ቧንቧውን ከፈተችው። አየር ብቻ አፏጨ።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ዘጠኝ» አለች ልጅቷ።