ክዳኑ ከላይ የሚከፈተው ፍሪጅ

ቴትሱጂ ኩራሞቶ ጡረታ እንደወጣ የሚኒባሱን ወንበሮች አውልቆ አልጋና ምድጃ ገጠመበት። ከዚያ ወዲህ ከሚስቱ ከሱሚኤ ጋር በየበጋው በጃፓን የሺማኔን የባሕር ዳርቻ ተከትሎ ይጓዛል። የጎደላቸው ፍሪጅ ብቻ ነበር። በሣጥን የሚይዙት በረዶ እኩለ ቀን ሳይሆን ይቀልጣል።

ቅናቱም የገባው በዚያው ነው። በሚያድሩበት የመንገደኞች ማረፊያ ዘወትር ከጎናቸው የሚያቆመው አቶ ሞሪዛኔ በመኪናው ውስጥ ፍሪጅ አለው። ከሰዓት በኋላ ሱሚኤ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ ልትጠጣ ወደ እሱ ትሻገራለች፤ ወዲያው ሳቋ ይሰማል። ቴትሱጂ ያንን ሳቅ በራሱ መኪና ውስጥ ከሰማው ቆይቷል።

«ደግሞ ልትሄጂ ነው?»

«ሻይ እኮ ነው! ላንተም በረዶ ላምጣልህ?»

«የሰው በረዶ አልፈልግም።»

«እንግዲያው የራስህን ግዛ፣ አንተ ኩራተኛ!»

ማትሱኤ ከተማ ወርደው ሱቅ ገቡ። ሻጩ ክዳኑ ከላይ የሚከፈት ትንሽ ፍሪጅ አሳያቸው።

«ሲከፍቱት ቅዝቃዜው ከታች ይቀራል እንጂ አይፈስም። ባትሪ አይጨርስም።»

«ዓሣውን ጠዋት ገዝተን ማታ ነው የምንበላው። ይኼ ይበቃናል» አለች ሱሚኤ።

ቴትሱጂ አየው፤ ቁርጥ የሞሪዛኔን ፍሪጅ ነው። በር ወዳለው፣ በቁመት ደረቱ ድረስ ወደሚመጣው ዞረ።

«ይኼኛውን።»

«ጌታዬ፣ የመኪናዎ ባትሪና የጣሪያው ሶላር ይችሉታል?»

«ይችሉታል!»

ማረፊያው እንደደረሱ ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ፣ ሐብሐብና ቢራ ሞላበት። በማግሥቱ ሰማዩ ጠቆረ፤ ሶላሩ ምንም አልሰጠም። ከምሳ በኋላ ባትሪው ደክሞ ፍሪጁ ይጮህ ጀመር። ባትሪ ለመሙላት ቆሞ ሞተር ማስነሣት በዚያ ቦታ ነውር ነው። ጎረቤት አይቆጣም፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ መኪናውን ራቅ ያደርጋል፣ ያ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። እንዳይነዳ ቢራ ቀምሷል፤ ሱሚኤ መንጃ ፈቃድ የላትም።

ሞሪዛኔ መስኮቱን አንኳኳ። «ኩራሞቶ፣ ምግቡን ሳይበላሽ ወደ እኔ ያምጡት። የኔ ፍሪጅ ግማሹ ባዶ ነው።»

«ግድ የለም፣ ይቆያል» አለ ቴትሱጂ።

ሱሚኤ ስኩዊዱን አውጥታ አስታቀፈችው። «ዛሬ ደግሞ አንተ ሂድ።»

ሞሪዛኔ ክዳኑን አነሣ። ከውስጥ በሴት እጅ ጽሑፍ የተለጠፈበት አንድ ማሰሮ ሚሶ፣ ከቦካ አኩሪ አተር የሚሠራ ማጣፈጫ፣ ተቀምጧል።

«ባለቤቴ የሠራችው ነው። ካረፈች ወዲህ እሱ እንዳይበላሽብኝ ስል ነው ፍሪጅ የገዛሁት። አንዳንዴ በጣቴ እቀምሰዋለሁ። ሊያልቅ ነው።»

ቴትሱጂ ስኩዊዱን ከማሰሮው ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። አፉን የበላው ጥያቄ ግን አመለጠው።

«ሱሚኤ እዚህ ስትመጣ ምንድነው እንደዚያ የሚያስቃት?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! በሠርጋችሁ ሰሞን ኮፍያዎ ከጀልባ ቢወድቅ፣ ዋና ሳይችሉ ዘለው ገቡ አሉ። ስትነግረኝ እንባዋ እስኪወርድ ነው የምትስቀው።»

ቴትሱጂ ወደ መኪናው ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ማዘንም ማፈርም ነበረበት፤ ነገር ግን ቅናቱ አለቀቀውም።

«የኮፍያውን ነገር ለሱ ነገርሽው?»

«ታዲያስ? ለማን ልንገር?»

«ለኔ።»

«አንተማ ታውቀዋለህ። ውሃው ውስጥ የነበርከው አንተ!»

«ለሱ እንደነገርሽው ንገሪኝ።»

ሱሚኤ ፊቱን አየችና ሐብሐቡን ለሁለት ከፈለች፤ መሞቁ ስለማይቀር። ከዚያ «እንግዲህ ነፋሱ...» ብላ ጀመረች፤ ኮፍያው ሳይወድቅ ገና ሳቅ አቋረጣት።